ባዶው ህዋ ስንት ይመዝናል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

  

ለዛሬ ያዘጋጀነው ርዕስ ሌላ ነበር። ይሁንና ከአዊ ዞን የደረሰን አንድ ደብዳቤ ቀድሞታል። ደብዳቤው አንድ ቢሆንም ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው። ፊት ለፊቱን የጻፈው እንጅባራ ላይ ፊዚክስ የሚማር ወጣት ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ዳንግላ እህል የሚነግዱ አባቱ በራሳቸው እጅ ጨምረውበታል። ተጣልተዋል ማለት ይከብዳል፤ ተኳርፈዋል ብንል ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ለዒድ ቤቱ ገብቶ ቡና እየተጠጣ ሳለ በክፍል የሰማውን በደስታ ያወራል። የፊዚክስ ሊቃውንት ባዶ ህዋ ምን ያህል ኢነርጂ እንደሚይዝ አሰሉ፤ በኋላም በመሣሪያ ለኩ፤ ያሰሉትና የለኩት በ120 ዜሮ ተለያየ። አባት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ በአንድ ዜሮ ብሳሳት ሱቄ ይዘጋል። መቶ ሃያ ዜሮ ለሚሳሳት ትምህርት ነው የቤት ኪራይ የምከፍልልህ?» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ወደ ሱቁ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ከደብዳቤው ጀርባ የጻፉልንም አጭር ነው፦ «እናንተ ሸምግሉን። ይህ ሳይንስ ከስሯል ወይስ አልከሰረም?»

አባታችን፣ ጥያቄዎ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ወደነዋል። እኛም በነጋዴ ወግ ደብተሩን ገልጠን እንየው።

በመጀመሪያ አንድ ቀን እናስታውስዎ። በ2012 ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሙሉው ቀለበት በላሊበላ ሰማይ ላይ ታየ፤ በሌላው የአገራችን ክፍል ብርሃኑ ደበዘዘ፤ ሰላተል ኩሱፍ የሰገድንም ብዙ ነን። ያ ግርዶሽ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚጀምር ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። አልዘገየም፣ አልቀደመምም። ያንን ያሰላው የስበት ሒሳብ ልጅዎ የሚማረው ሒሳብ ነው። እንግዲህ ደብተሩ ሁሉ የተበላሸ ሱቅ አይደለም የገባነው። አንዲት መስመር ግን አልዘጋ ብላለች።

የዚህች መስመር ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አልበርት አንስታይን አዲሱን የስበት ሒሳቡን በመላው ዩኒቨርስ ላይ ሞከረው። ሒሳቡ ያልጠበቀውን ነገረው፤ በዩኒቨርስ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ስለሚሳሳብ ዩኒቨርስ ባለበት ረግቶ መቆም አይችልም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዩኒቨርስ ይሰፋል ወይም ይጠባል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንስታይን ስበቱን የሚመክት፣ ወደ ውጭ የሚገፋ አንድ ቁጥር ጨመረ። ኮስሞሎጂካል ኮንስታንት የሚሉት ይህንን ነው፤ ሲጽፉት በግሪኩ ፊደል ላምዳ ይጽፉታል። በእርስዎ ቋንቋ፣ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል በሌላው ወገን ጣል የተደረገ ድንጋይ ነው።

ብዙም አልቆየ። ቤልጅጋዊው ለሜትር በ1927፣ አሜሪካዊው ሐብል በ1929 ጋላክሲዎች እርስ በርስ እየተራራቁ መሆናቸውን አሳዩ። ዩኒቨርስ የሚሰፋ ከሆነ ድንጋዩ ለምን ያስፈልጋል? አንስታይንም በ1931 ድንጋዩን ከሚዛኑ አወረደው።

ነገር ግን በሌላ በር ሌላ እንግዳ እየገባ ነበር። እርሱም ኳንተም ነው፤ የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ። እህሉ ያለቀበትን ከረጢት አራግፉት፣ አጥቡት፣ ውስጡ ያለውንም አየር አውጡት። አሁን ባዶ ነው እንላለን። ኳንተም ግን አይደለም ይላል። ብርሃንም ሆነ ሌላው የተፈጥሮ ኃይል ፈጽሞ ጸጥ ብሎ አይተኛም፤ ሁሉ ነገር ከወጣ በኋላ እንኳ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይቀራል፤ መንቀጥቀጡም ኢነርጂ አለው። ይህ ተረት አይደለም። ሆላንዳዊው ካዚሚር በ1948 ሁለት የብረት ገጾች በባዶ ውስጥ እጅግ ሲቀራረቡ እርስ በርስ የሚያሳስባቸው ኃይል እንደሚኖር ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ተናገረ፤ በ1997 ኃይሉ በጥሩ ጥራት ተለካ።

ታዲያ በየቦታው ያለው መንቀጥቀጥ ሁሉ ቢደመር ምን ያህል ይሆናል? እዚህ ላይ የምንነግራችሁ ነገር እኛንም አስቆናል። ቮልፍጋንግ ፓውሊ የሚባለው ሊቅ በ1920ዎቹ በግርድፉ አስልቶት ነበር። ባዶው ህዋ ያን ያህል ኢነርጂ ከያዘና ያም ኢነርጂ የሚስብ ከሆነ፣ ዩኒቨርስ ተሸብልሎ ጫፉ ከምድር እስከ ጨረቃ እንኳ እንደማይደርስ አገኘ። በኋላ ሌሎች ስሌቱን ሲደግሙት ስፋቱ ወደ 31 ኪሎ ሜትር ግድም ሆነ። ከዳንግላ ብትነሱ፣ ሠላሳ አንዱን ኪሎ ሜትር ስትጨርሱ ዩኒቨርስ ያልቃል፤ እንጅባራ አትገቡም። አባትና ልጅ በሁለት ዩኒቨርስ ሆናችሁ ማለት ነው! ፓውሊም በዚህ ስቆ አለፈ፤ ሌሎቹም ለብዙ ዓመታት ይህቺን መስመር እየዘለሉ ሠሩ። የሶቪየቱ ዜልዶቪች በ1967 ግን መዝለሉ እንደማያዋጣ አሳየ። የባዶው ህዋ ኢነርጂ ቁርጥ አንስታይን አውርዶ የጣለውን ድንጋይ ይመስላል፤ ሒሳቡ ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም። ድንጋዩ ሳይጠራ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ወደ ዜሮዎቹ። አባታችን፣ በጤፍ እንቁጠር። አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ 300 ሚሊዮን ፍሬ ይሆናል፤ ከ3 በኋላ 8 ዜሮ ነው። መቶ ኩንታል ቢሆን ሁለት ዜሮ ብቻ ይጨምራል። ምድር ከነተራራዋ ከነባሕሯ የምትመዝነውን ያህል ጤፍ ቢከመር፣ ፍሬው ከ2 በኋላ 31 ዜሮ ነው። ሊታይ በሚችለው የዩኒቨርስ ክፍል ያሉ አቶሞች በሙሉ ቢቆጠሩ ወደ 80 ዜሮ ይጠጋሉ። 120 ገና ሩቅ ነው።

ለሊቃውንቱ ፍትሕ እንዳናጓድል አንድ ነገር እንጨምር። 120 የሚለው ራሱ የመጨረሻ ስሌት ሳይሆን ግምት ነው። መንቀጥቀጡን ማንም በሙከራ ካልደረሰበት የመጨረሻ ጥቃቅን ልክ ድረስ ብንደምር ነው ያን ያህል የሚሆነው። በዛሬ መሣሪያዎች እስከተፈተሸው ልክ ድረስ ብቻ ብንደምር ልዩነቱ ከ50 በላይ ዜሮ ይሆናል። ወንድማችን፣ ይህን ለአባትህ አልነገርካቸውም። ብትነግራቸውም ምን እንደሚሉህ እናውቃለን፤ በሃምሳም ቢሆን ሱቅ ይዘጋል።

ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ እንዲህ ብለው ይጽናኑ ነበር፦ መደመሩና መቀነሱ በሆነ እኛ ባልገባን ሕግ ይጣፋና ውጤቱ በትክክል ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ደግሞ ደስ የሚል ቁጥር ነው። ሂሳብ ሲዘጋ የሚጻፍ ቁጥር ነው።

በ1998 ይህ መጽናኛ ፈረሰ። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የሚፈነዱ ከዋክብትን፣ ሱፐርኖቫዎችን፣ ይከታተሉ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንደኛው ዓይነት ድምቀቱ ስለሚታወቅ የርቀት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ባለ መቶ ዋት አምፖል ደብዝዞ ካያችሁት ምን ያህል እንደራቀ እንደምትገምቱት። የሁሉም ግምት፣ ስበት ወደ ኋላ ስለሚጎትት የዩኒቨርስ መስፋት እየቀዘቀዘ ይሄዳል የሚል ነበር። ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ግን ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ተገኙ፤ ይህም ከተጠበቀው በላይ ርቀዋል ማለት ነው። መስፋቱ እየፈጠነ ነው! አንድ ነገር ወደ ውጭ እየገፋ ነው። ሳውል ፐርልሙተር፣ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ በዚህ ግኝት በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ወደ ቀጣዩ ሳናልፍ፣ የዚያ ዓይነት ፍንዳታ ለእኛ ታሪክ እንግዳ አለመሆኑን እናስታውስ። በ396 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1006 ማለት ነው፣ በደቡብ ሰማይ ላይ ዙህራን የሚያስንቅ ኮከብ በድንገት በራ። የግብጹ ሐኪም ዐሊ ኢብኑ ሪድዋን መጠኑንና ብርሃኑን ከጨረቃ ጋር እያነጻጸረ፣ የፕላኔቶቹንም አቀማመጥ እየመዘገበ ጽፎታል። የዛሬ ሊቃውንት ያ ኮከብ በ1998 ለርቀት መለኪያ ያገለገለው ዓይነት ሱፐርኖቫ እንደነበር በፍርስራሹ ለይተዋል። ከካይሮ ይልቅ ለደቡብ ቅርብ የሆነው የእኛ አገር ሰማይ እንዲያውም ከፍ አድርጎ ያሳየው ነበር። በዚያን ዓመት በአገው ምድር ቀና ብሎ ያየው እረኛ ምን ብሎ ይሆን?

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የሚገፋው ነገር ምንነቱ ስላልታወቀ ጨለማ ኢነርጂ የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ በሚደረገው ልኬት ከዩኒቨርስ ኢነርጂ ሁሉ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው እርሱ ነው። ይህን ስትሰሙ ግዙፍ ነገር ይመስላችኋል። እስቲ እንመዝነው። በአንድ ሜትር ኩብ ባዶ ህዋ ውስጥ ያለው፣ ወደ ክብደት ቢመነዘር፣ አራት የሃይድሮጅን አቶም አይሞላም። የምድራችንን ሙሉ ስፋት የሚያህል ባዶ ህዋ ብትወስዱ፣ በውስጡ ያለው ጨለማ ኢነርጂ ስድስት ሚሊ ግራም ግድም ይመዝናል። ሃያ የጤፍ ፍሬ! ምድርን የሚያክል ጎተራ፣ ውስጡ ሃያ የጤፍ ፍሬ። ነገር ግን ጎተራው በየአቅጣጫው ማለቂያ ስለሌለው የሃያ ሃያው ድምር ከዋክብትን ሁሉ በለጠ።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ቢሆን ስሌቱ ትክክል ነበር ይባላል። ዜሮ ቢሆን ሁሉን የሚያጣፋ ሕግ አለ ይባላል። ዜሮ ያልሆነ፣ ግን ለዜሮ እንዲህ የተጠጋ መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳው። አንድ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የገዛውና የሸጠው እያንዳንዱ 120 አሃዝ ያለው ቁጥር ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ አንድ ሳንቲም ቢተርፍ ምን ትላላችሁ? አሃዞቹ ሁሉ ገጥመው የመጨረሻዋ ብቻ ተለየች። እኛ ብንሆን የሒሳብ ሠራተኛውን ጠርተን እንጠይቀዋለን።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ሒሳቡ አንድ ጊዜ ተዘግቶ የማያበቃ መሆኑ ነው። ዛሬ ፓኪስታን በሆነው ምድር የተወለዱት አብዱስ ሰላም፣ ከሼልደን ግላሾውና ከስቲቨን ዋይንበርግ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ንድፈ ሐሳብ እንደሚያሳየው፣ ዩኒቨርስ ገና ትኩስ ሳለና ከቀዘቀዘ በኋላ የባዶው ህዋ ኢነርጂ አንድ አልነበረም፤ በመካከል እጅግ ተለውጧል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ተጣፍቶ ነበር ብንል እንኳ፣ ከለውጡ በኋላ ሒሳቡ እንደገና ይከፈታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የኋላው ለውጥ ታስቦ የተያዘ ይመስላል።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ቅንጣት ሚዛኑን የሚያስተካክል አጣማጅ አለው ያሉ ነበሩ፤ ይሁንና በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ያለው ግዙፍ መሣሪያ በ2012 ሂግስን ሲያገኝ አጣማጆቹን እስካሁን አላገኘም። ዋይንበርግ ደግሞ በ1987፣ ማለትም መፍጠኑ ከመታወቁ አሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ቁጥሩ እጅግ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ህዋ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ይሰፋና ጋላክሲ እንደማይፈጠር፣ ስለዚህም ይህን የሚጠይቅ ሰው እንደማይኖር አሳየ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ከዚህ ተነስተው ግን «እንግዲያው ዩኒቨርስ ብዙ ነው፤ በእያንዳንዱም ቁጥሩ ይለያያል፤ እኛ የምንኖርበት ከሚያኖሩት አንዱ ነው» የሚሉ አሉ። ሌሎቹን ዩኒቨርሶች ማየት ስለማይቻል በሊቃውንቱ መካከልም ክርክሩ የጦፈ ነው። እኛ በበኩላችን ገዥው ሊያየው የማይችለውን እህል ቢሸጡልን አንገዛም።

አሁን ሌሎች አድማጮቻችን ደጋግመው ወደጻፉልን ነገር እንምጣ። «ቁጥሩ እንዲህ በልክ መቀመጡ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው፤ ለምን በግልጽ አትናገሩም?» ይሉናል። ሁሉን ነገር በልክ የፈጠረ አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን እናምናለን፤ ለዚህ እምነታችን ግን የ1998ን ልኬት አልጠበቅንም። ከሱረቱ ዛሪያት 47ኛውን አያ እየጠቀሱ የዩኒቨርስ መስፋት ሁሉ ያለቀ ጉዳይ የሚያደርጉም አሉ፤ ሙፈሲሮቹ ግን በቃሉ ፍች ላይ ከአንድ በላይ አስተያየት እንዳላቸው አይናገሩም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዎች ግርዶሹን ከሞቱ ጋር አያያዙት። ለሐዘንተኛ አባት ይህ ክብር ይመስል ነበር። ነቢዩ ግን አልተቀበሉትም፤ ፀሐይና ጨረቃ ለሰው ሞትም ሆነ ልደት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ገጠመኙን ለጥቅም ማዋል እየተቻለ አላዋሉትም። እኛስ ገና ባልተዘጋ መስመር ላይ የልጆቻችንን ኢማን ለምን እናንጠለጥላለን? ቁጥሩ ነገ ቢለወጥ ለልጁ ምን ልንለው ነው?

ሊለወጥ አይችልም እንዳትሉ። በአሪዞና ተራራ ላይ ያለ ዴሲ የሚባል መሣሪያ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችንና የሩቅ ብርሃን ምንጮችን አቀማመጥ ለክቶ በመጋቢት 2017 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ውጤቱን ሲያወጣ፣ ጨለማ ኢነርጂ ከጊዜ ጋር እየደከመ የመጣ የሚያስመስል ምልክት አሳይቷል። ገና አልተረጋገጠም፤ ሊቃውንቱ የሚጠይቁትን የእርግጠኝነት ልክ አልሞላም። ከተረጋገጠ ግን ኮንስታንት፣ የማይለዋወጥ፣ ብለን የጠራነው ቁጥር የሚለዋወጥ ሆኖ ይገኛል፤ መስመሩም እንደገና ይጻፋል። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ሰማዩን የሚያነብ የአገር ልጅ ይፈልጋሉ።

አባታችን፣ «ከስሯል ወይስ አልከሰረም?» ላሉት መልሳችን ይህ ነው። በሱቅዎ የሚሠራ ልጅ አንድ መስመር አልዘጋ ሲለው በላጲስ አጥፍቶ ቢያስተካክልልዎ ያባርሩታል። «ይህቺ አልገጠመችም» ብሎ በቀይ አስምሮ ቢያመጣልዎ ደብተሩን ያምኑታል። የፊዚክስ ሰዎች ይህቺን መስመር በቀይ አስምረው ለዓለም ሁሉ አሳይተዋል፤ ልጅዎም የሰማው ከማንም ጠላት ሳይሆን ከራሳቸው ነው። በጥንት ዘመን ኢብኑል ሀይሠም የበጥሊሞስን የሰማይ ሒሳብ እየመረመረ ያልገጠመለትን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ጽፎ ለመጪው ትውልድ አስተላልፏል። ያንን መጽሐፍ ያነበቡት ከሰማይ ሒሳብ አልሸሹም፤ ተሻሽሎ እንዲሠራ ተነሡ እንጂ።

አንተም ወንድማችን፣ አባትህ ያሉት ቀልድ አይደለም። ኪራዩን የሚከፍሉት ከአንድ አንድ ኩንታል ላይ ከምትተርፍ ጥቂት ብር ነው። 120 ዜሮ ስትላቸው ለመደነቅ ሳይሆን ለመክሰር የሚቀርብ ቁጥር ነው የነገርካቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጁሙዓ ዳንግላ ስትወርድ እንዲህ አድርግ። ከሱቁ ሃያ የጤፍ ፍሬ ቁጠርና በሚዛናቸው ላይ አስቀምጥ። ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። ምድርን በሚያክል ባዶ ውስጥ ያለው ይህን ያህል እንደሆነ ንገራቸው፤ ከዚያም ሰዎች ይህንን በምን ሚዛን ሊመዝኑት እንደቻሉ፣ ከአምፖሉ ጀምረህ፣ እርሳቸው በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው። ካስረዳሃቸው አባታችን እስከ ምርቃትህ ድረስ ኪራዩን ይክፈሉ። ካላስረዳሃቸው ግን እኛም ከእርሳቸው ጋር ነን፤ ለክረምቱ ሱቅ ግባ።

ምን እንደተባባላችሁ ጻፉልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።